ማስተካከያ፦ የአፍሪካ ቀንድ የአንግሊካን አካባቢ ጳጳስ መንበር

ስለ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ፣ የአፍሪካ ቀንድ ሀገረ ስብከት በ2007 እ.ኤ.አ. እንደተመሠረተና አንድሩ ፕራውድ የመጀመሪያው የሀገረ ስብከት ጳጳስ እንደነበሩ መግለጻችን ስህተት ነው።

በ2007 የተቋቋመው ሀገረ ስብከት ሳይሆን የአካባቢ ጳጳስ መንበር ነበር። የአካባቢ ጳጳስ በሰፊ ሀገረ ስብከት ውስጥ አንድን ክፍል በውክልና የሚመራ ነው፤ ራሱን የቻለ ሀገረ ስብከት የለውም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበሩት ፕራውድም የተሾሙት በግብፅ ሀገረ ስብከት ሥር፣ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ጅቡቲንና ሶማሊያን እንዲጠብቁ ነበር። በ2011 ወደ እንግሊዝ ተመልሰው የሬዲንግ ጳጳስ ሆኑ፤ ያም በኦክስፎርድ ሀገረ ስብከት ሥር ያለ የአካባቢ ጳጳስ መንበር ነው። በ2012 የተኳቸው ካናዳዊው ግራንት ለማርካንድ መቀመጫቸው ጋምቤላ ነበር።

አካባቢው ራሱን ችሎ የቆመው በ2020 የአሌክሳንድሪያ አውራጃ (በርካታ አህጉረ ስብከትን የሚያቅፍ የቤተ ክርስቲያን መዋቅር) ሲመሠረት ነው፤ ያኔም የአፍሪካ ቀንድና ጋምቤላ በሚል ለሁለት አህጉረ ስብከት ተከፈለ። ማስተካከያው የተመሠረተው ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ሹመቶቹና ስለ አውራጃው ምሥረታ ባወጣቻቸው ይፋዊ መግለጫዎች ላይ ነው።

በዚህም ምክንያት የሀገረ ስብከቱን ዕድሜ በ13 ዓመት አብዝተን ነበር። ሁለቱን አባቶች በሀገረ ስብከት ጳጳሳት ተራ ያስቀመጥንበት ሰንጠረዥም ታርሟል። በአማርኛ የሀገረ ስብከትንም የአካባቢንም ጳጳስ «ጳጳስ» ብለን ስለምንጠራ፣ ከአሁን በኋላ «የአካባቢ» የሚለውን ቃል አንተውም።