ሃምሳ ሁለት መጽሐፍ በአንድ ማኪያቶ

ጳጉሜ ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ነገር ይሞላል፤ አንዱ ጣና፣ ሌላው የዕቅድ ደብተር። ጣና የሚሞላው ወንዞቹ ክረምቱን ሙሉ ሲገብሩለት ቆይተው ነው። ደብተሩ ግን በአንድ ከሰዓት፣ ሐይቅ ዳር ካለ ካፌ፣ በአንድ ማኪያቶ ይሞላል። ባለደብተሩ አስቀድሞ ደብተሩንና ስኒውን ጎን ለጎን አድርጎ፣ ውሃው ከጀርባ እንዲገባለት አጎንብሶ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ይጽፋል፦ «1ኛ. በዓመት 52 መጽሐፍ ማንበብ። 2ኛ. በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት። 3ኛ. እንግሊዝኛ ማሻሻል። 4ኛ. ራሴን መለወጥ።» አራተኛው ሁለት ጊዜ ይሰመርበታል። ከምን ወደ ምን እንደሚለወጥ አልተጻፈም፤ ማኪያቶው አልቋል።

ሃምሳ ሁለቱን እንያዝ፤ ቁጥር ስለሆነ ቢያንስ ይፈተሻል። አንድ መጽሐፍ 300 ገጽ ነው እንበል። በሳምንት አንድ ማለት በቀን 43 ገጽ ነው። አሁን ሰዓት ይዛችሁ አንድ ገጽ እንደ ወትሯችሁ አንብቡ፤ ለሰው እንደምታነቡ አትሽቀዳደሙ። የአስር መስመር ቃላት ቆጥራችሁ ለአስር አካፍሉና በገጹ መስመሮች ብዛት አባዙ። በመስመር 8 ቃል፣ በገጽ 30 መስመር ከሆነ 240 ቃል ነው። ሁለት ደቂቃ ከፈጀባችሁ በደቂቃ 120 ቃል ታነባላችሁ ማለት ነው። 43 ገጽ ታዲያ 86 ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በየቀኑ፣ መብራት ቢጠፋም፣ ለቅሶ ቢኖርም፣ ጎረቤት ቡና ቢጠራም።

ከሁሉም የከፋው ጥር ነው። ጥር 11 ጥምቀት፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ፣ ከዚያ ሁዳዴ ሳይገባ ይድረስ ተብሎ የተጣደፈ ሰርግ በየሳምንቱ። ባለደብተራችን በጥር ወር ከንጋቱ 11 ሰዓት መንቃቱ አይቀርም፤ ግን ከአልጋ ተነስቶ ሳይሆን ሙሽራ አጅቦ ወደ ቤቱ እየገባ ነው። ስለዚህ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ከደብተር በፊት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያውርድ። ጥርን ሙሉ አውጥቶ 48 ሳምንት ይያዝ፤ ከሳምንቱም ሁለት ቀን ለማኅበር፣ ለሰንበቴና ለድንገተኛ እንግዳ ይተው። 240 ቀን ይቀረዋል። በቀን 15 ገጽ፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት፣ ካነበበ ዓመቱ ሲያልቅ 3,600 ገጽ ወይም 12 መጽሐፍ ይሆናል። አስራ ሁለት ለፎቶ ያንሳል፤ ችግሩ እሱ ብቻ ነው።

አነቃቂ ተናጋሪዎች ደግሞ «ማንኛውም ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» ይላሉ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 የጀመረ ሰው መስከረም 21፣ በግሸን ማርያም ዕለት ተለውጦ ያድራል ማለት ነው። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከትሎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያገኘው ሌላ ነው፤ ልማዱ ራሱን ችሎ እስኪሄድ በአማካይ 66 ቀን፣ እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን። አማካዩን ወደ አገራችን ብናመጣው ኅዳር 6 ላይ ይውላል፤ ጽጌ ጾም ተፈትቶ፣ ቁስቋም ገብታ። ዳተኛው ግን ግንቦት 14ን መጠበቅ አለበት። መስከረም 22 ጠዋት እንቅልፉ እንደ አምናው ሲጥመው «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ደብተሩን የሚዘጋው ሰው፣ የተዋሸው ስለ ቀኑ ብቻ ነው።

«ሲመቸኝ አነባለሁ» የሚለው ቃል ደግሞ መቼም አይመችም። ሰዓት ከመቁረጥ ይልቅ ከሌላ ሥራ ጋር ማሰር ይሻላል፤ «የእራት መሶብ ሲነሳ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ መስኮቱ አጠገብ 15 ገጽ» ማለት። ሰዓት ይዛነፋል፣ መሶብ ግን በየቀኑ ይነሳል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን ያልነው በምክንያት ነው፤ ፊት ለፊት ተደፍቶ የተቀመጠ ስልክ እንደ ተደፋ ድስት ነው፣ ሰው ምን እንዳለበት ሳያይ አያልፍም።

የዕቅድን ጠባይ ማየት የፈለገ ወደ ውሃው ዳር ይውረድና የደንገል ታንኳ ይመልከት። ደንገል ቀላል ነው፤ እንጨትም ሰውም ይጭናል። ግን ውሃ ይጠጣል። ከሥራ ሲመለስ ተጎትቶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ በየቀኑ እየከበደ ይሄድና፣ አንድ ቀን ከባለቤቱ ሌላ የሚጭነው ነገር ያጣል። ዕቅድም በየሳምንቱ መሰጣት አለበት። እሁድ ከሰዓት ሩብ ሰዓት ይበቃል፦ ስንት ገጽ ታሰበ፣ ስንት ተነበበ፣ ያልተነበበው ለምን? ያልተነበበውን ወደ ቀጣዩ ሳምንት መከመር ነው ውሃ የሚያጠጣው። ሰባት ገጽ የቀረው ሰው ሰባቱን ሰርዞ ከአስራ አምስቱ ይጀምር።

ወደ ንባቡ ስንመጣ፣ «በሰባት ቀን የንባብ ፍጥነትዎን በአራት እጥፍ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ የለም። አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ቁጥር ይጠራል፤ አዋቂ አንባቢ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍ በደቂቃ በአማካይ 238 ቃል ያህል ያነባል ተብሏልና። ያንን ቁጥር ለአማርኛ ማዋል ግን አሳን በሜትር እንደ መሸጥ ነው። «አልነገርኳቸውም» በእኛ አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው ይህንኑ በአምስት ቃል ይለዋል። በደቂቃ 120 የአማርኛ ቃል የሚያነብ ሰው ስለ ቀርፋፋነቱ ከማዘኑ በፊት የተሸከመውን ይመዝን።

ዋናው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ፈጣን አንባቢ የመስመሩን መጀመሪያ አይቶ የቀረውን ይገምታል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ግሱን እንደ ሙሽራ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስገባው። እንዲህ የሚል ዜና ይውጣ እንበል፦ «የባጃጅ ታሪፍ ከነገ ጀምሮ በእጥፍ ይጨምራል ተብሎ ሲወራ የሰነበተው ከእውነት የራቀ ነው።» ፈጣኑ አንባቢ «ይጨምራል» ላይ ወርዷል፤ ቀሪውን አልተሳፈረም። ለአምስት ሰው ይልካል። ከሰዓት በኋላ ከጊዮርጊስ እስከ ፔዳ ያለው ሾፌር እጥፍ ይጠይቃል፣ ተሳፋሪውም «አዎ፣ አንብቤዋለሁ» ብሎ ይከፍላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥም ዓይንን አስቀድሞ አራት ነጥቡ ጋ ልኮ ግሱን ማየት፣ አዎንታ ይሁን አሉታ ማወቅ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው መነሳት።

ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብም እንደሚወራው ሁልጊዜ ድክመት አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ጣና ዳር ተቀምጦ «ዋና» የሚል ያነበበ ሰው መዋኘት ይሁን ቁምነገር የሚያውቀው ቀጣዩን ቃል ካየ በኋላ ነው። «አምባዛው ይበላል» የሚለውን ደግሞ አሳውም ተመጋቢውም በየፊናቸው ይተረጉሙታል። ለዚህ የተመለሰ ዓይን ሥራውን ሠራ። ጥፋት የሚሆነው ሐሳብ ገበያ ሄዶ ያው መስመር አራት ጊዜ ሲነበብ ነው፤ ያኔ በጣት ወይም በእርሳስ ጫፍ ከመስመሩ ሥር እየተከተሉ ማንበብ ይረዳል። ፊደል ቆጣሪ ሕፃን በስንደዶ እየነካ ያነብ የለ? እሱኑ ነው።

ስለ ማቅለሚያ እስክሪብቶ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገጹን ሁሉ ቢጫ ካደረገው በኋላ የተረፈው ነገር መስከረም ላይ አደይ የሞላው ሜዳ መምሰሉ ነው፤ ያምራል፣ አይታወስም። ምዕራፉ ሳይጀመር ርዕሱን ወደ ጥያቄ ለውጦ በወረቀት ጥግ መጻፍ፣ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግቶ መልሱን በቃል ማለት ይሻላል። አሜሪካዊው ፍራንሲስ ሮቢንሰን ይህን በ1946 እ.ኤ.አ. በአምስት ደረጃ አዘጋጅቶታል፤ መቃኘት፣ መጠየቅ፣ ማንበብ፣ በቃል ማለት፣ መከለስ። የጎጃም የቆሎ ተማሪ ቀን የሰማውን ማታ ሲቀጽል፣ ማለትም በቃሉ ሲደግም፣ እየሰማ ያደገ ሰው አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የሚያውቀው ሽታ ይሸተዋል።

እዚህ ላይ የባለደብተሩን አያት መጥራት ግድ ነው። ሽማግሌው ደብተር የላቸውም፤ ዳዊት አላቸው። ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ አርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ 150ው ያልቃል፤ እሁድ የነቢያቱ ጸሎትና መኃልይ ነው። መጠኑ ተለክቷል፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ ቦታው ያው በር ላይ ያለው መደብ ነው፣ ፎቶ አልተነሳም።

«አባባ፣ እርስዎ በዓመት ስንት መጽሐፍ ያነባሉ?»

«አንዱን ነዋ።»

ልጁ ከንፈሩን ይመጥጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጨርሱት አንዱ መጽሐፍ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሆን አላባዛም፤ ሃምሳ ሁለት ነበር የሚመጣለት። «ግዕዙ ሁሉ ይገባቸዋል ወይ?» የሚል ተከራካሪ እንደሚነሳ እናውቃለን። ጥያቄው ያስኬዳል፤ ግን በባጃጁ ታሪፍ እጥፍ ከፍሎ የመጣ ሰው ባይጠይቀው ይመረጣል።

የደብተሩ ነገር እንዳይረሳ። መስከረም አጋማሽ ላይ ከመደርደሪያ ወርዶ ቴሌቪዥኑ ሥር ገባ፤ ጥቅምት ላይ እናትየው አገኙት። ገጽ አንድን አላነሱትም፣ የልጅ እጅ ጽሑፍ አይቀደድም። ከገጽ ሦስት ጀምሮ በእርሳስ አስምረው የዕቁባቸውን መዝገብ አደረጉት፦ 14 ስም፣ በየሳምንቱ እሁድ፣ የከፈለ ምልክት፣ ያልከፈለ ቅጣት፣ ዕጣ የወጣለት ክብ። እስከ ጥር ድረስ፣ ሰርጉም ጥምቀቱም እያለ፣ አንድ እሁድ አልተዘለለም። በቀይ የተሰመረበት ስም አንድ ብቻ ነው፤ የሁለት ሳምንት ውዝፍ አለበት፣ ገጽ አንድ ላይ ካለው የእጅ ጽሑፍ ባለቤት ስም ጋርም አንድ ነው።