ሰባተኛ ክፍል የገባችው ልጄ ናት ወይስ እኔ?

ዘንድሮ ልጄ 7ኛ ክፍል ገባች። ለሒሳቡና ለእንግሊዝኛው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከማን ጋር ቆመሽ ታየሽ ለሚባለው ጣጣ ግን ማን ያዘጋጀኛል? ማታ ማታ እራት ላይ የምሰማው ስለ ትምህርት አይደለም። ማን ማንን አኮረፈ፣ ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ፣ ማን ተጠርቶ ማን ቀረ ነው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ 6ኛ ላይ ያበቃል፤ 7ኛና 8ኛ ተነጥለው መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። እኛ እስከ 8ኛ በአንድ ግቢ ነው የተማርነው። ወላጆቻችን ደግሞ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚሉት ነበራቸው። የፈለጉትን ስም ያውጡለት። የሚያበሳጨኝ፣ ልጆቹ ቁመታቸው በሚመዘዝበት፣ መስታወት ፊት መቆም በሚያበዙበት በዚያው ዓመት ከየትምህርት ቤቱ ተሰብስበው መደባለቃቸው ሳያንስ፣ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ያልተለያዩ ሁለት ልጆችን አንዷን 7ኛ ሀ፣ ሌላዋን 7ኛ መ መወርወር ነው። ሄጄ ጠየቅኩ። «እናቴ፣ የደለደልነው በፊደል ተራ ነው። ደግሞ አይጨነቁ፣ አዲስ ጓደኛ ታፈራለች» አሉኝ መምህሩ።

ታፈራለች! ጓደኛ እንደ ጎመን በየጓሮው ይበቅል ይመስል።

መስከረም ሳያልቅ የግቢው ጌቶች ታወቁ። ልጆቹ «እነ እገሊት» ይሏቸዋል፤ የሰው ልጆች ናቸውና ስም አልጠራም። በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው አጠገብ ያለው ጥግ የእነሱ ነው። ሳምቡሳ አብረው ይገዛሉ፣ ፀጉራቸውን አንድ ዓይነት ይሠራሉ፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ማን እንደሚጠጋና ማን እንደሚባረር ይወስናሉ። የልጄ የልጅነት ጓደኛም እዚያ ገብታለች። እኛ ቤት ቂጣ እየበላች ያደገች ልጅ አሁን ልጄን ስታገኛት በአገጯ ብቻ ሰላም ትላታለች። ልጅቷ ላይ አልፈርድም። ሞቅ አድርጋ ሰላም ብትል ነገ ተራው የእሷ እንደሚሆን ታውቃለች።

ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ በየክፍሉ ስለሚሾመው አለቃ ይንገረኝ። መምህር ሲወጣ ጠመኔ ይዞ የሚረብሹትን ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። እነ እገሊት ሲንጫጩ ጆሮው አይሰማም። ልጄ ያዋሰችውን ላጲስ መልሺልኝ ስትል ግን ስሟ ተጻፈ፤ ቅር ብሏት ቀና ስትል ከስሟ ጎን የኤክስ ምልክት ተደረደረ። የተንበረከከችው እሷ ናት። ይህን ሥልጣን ለ13 ዓመት ልጅ የሰጠው ትልቅ ሰው ነው። ያ ልጅ ደግሞ ከማን ጋር መዋል እንደሚያዋጣው አሳምሮ ያውቃል።

ዩኒፎርሙስ? የሀብታሙና የድሃው ልጅ እንዳይለይ ነው ይባላል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ነገር አይሠራም። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው። ያለ ጃኬት ልጅ ከቤት አይወጣም። ስለዚህ ዩኒፎርሙ ከሥር ይቀበርና የሚታየው ጃኬቱ ይሆናል። ከአዲስ አበባ የተገዛ አለ፣ ከሰልባጅ የተመረጠ አለ፣ የታላቅ ወንድም የነበረ አለ። ከባሶና ወረና ገጠር ጠዋት በእግሩ የሚመጣው ልጅ ሹራቡ ላይ ጋቢ ደርቦ ሲገባ «ባላገር» እያሉ ይስቁበታል። ማን ማንን ነው ባላገር የሚለው? እዚህ ከተማ ውስጥ ከመንዝ በግ ፀጉር በተሠራ ባና ተጠቅልሎ ያላደገ አባት የስንቱ ነው? (ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። እነሱ ጋ ሙቀት ስለሆነ ጃኬት የሚባል ነገር የለም፤ ፉክክሩ በጫማ ነው አለችኝ።)

ወላጆችንም አልምርም። ሁላችንም «ጓደኛሽን ምረጪ» እንላለን። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የሚለውን ተረት የማይተርት ወላጅ አላጋጠመኝም፤ ደግሞ ሁሉም የራሱ ልጅ ጊደሯ፣ የጎረቤት ልጅ አህያዋ እንደሆነች እርግጠኛ ነው። አንዷ እናት በር ላይ አግኝታኝ «ልጄ የምትውለው ከደኅና ቤተሰብ ልጆች ጋር ብቻ ነው» አለችኝ በኩራት። ልጆቹ ይህን ከየት እንደተማሩት ገባኝ።

ልጄ ስልክ የላትም። የክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ያለው በእኔ ስልክ ነው፤ የቤት ሥራ ይለጠፍበታል ተብሎ ተከፈተ። አሁን የሚለጠፍበት የልደት ፎቶ ነው። ልደቱ የሚከበረው ክፍል ውስጥ ነው፣ በመዋጮ። ያላዋጣ ልጅ ኬኩ ሲቆረስ በረንዳ ላይ ይቆማል። ፎቶው ማታ ሲመጣ ልጄ ጣቷን እያንሸራተተች የቆሙትን ፊቶች አንድ በአንድ ታያለች። «ተያቸው፣ ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ፣ 8ኛ ላይ ክልላዊ ፈተና አለብሽ» ይላታል አባቷ ከሶፋው ላይ። ምሳ ዕቃዋን ብቻዋን ከፍታ የምትበላ ልጅ በምን ልቧ ነው የምታተኩረው?

ቅዳሜ የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ አለ። አጀንዳው የአጥር ግንባታ መዋጮ ነው። «ልዩ ልዩ» የሚለው ተራ ሲደርስ እጄን አወጣለሁ። አለቃው በየሳምንቱ ይቀያየር፤ ልደት የሚያከብር ቤቱ ያክብር፤ ምድቡም ልጆቹ ሳይለማመዱት አሁኑኑ እንደገና ይታይ። ባለፈው ኬክ የተቆረሰላት ልጅ እናት የኅብረቱ ሰብሳቢ መሆናቸውን አውቃለሁ። ፊት ለፊታቸው ነው የምቀመጠው።