አሥር ደቂቃ ከተወካያችን ጋር

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰሜን ለንደን፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ላይ፣ ኮሪደር ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠናል። ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ ናት። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች። ጭኗ ላይ ፌስታል ይዛለች። ፌስታሉ ውስጥ ስለ ድጎማዋ የተጻፉላት ደብዳቤዎች በየቀናቸው ተደርድረዋል። የአንዱን ጫፍ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች።

«ምን ብዬ ነው የምጀምረው?» አለችኝ።

«ስምሽን ንገሪያቸው። ከዚያ ስለ ልጆችሽ።»

«እንባዬ ቢቀድመኝስ?»

«ቢቀድምሽም ይቅደምሽ። አንቺ ብቻ ንገሪያቸው።»

የመጣነው የፓርላማ ተወካያችንን ለማነጋገር ነው። እንግሊዞች ይህን ቀጠሮ «ሰርጀሪ» ይሉታል፤ የሐኪም ክሊኒክን በሚጠሩበት ስም ማለት ነው። የፓርላማ አባሉ ብዙ ጊዜ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ወደ ተመረጠበት አካባቢ ይመጣል፤ ሰው ተራውን ጠብቆ ይገባና ችግሩን ይነግረዋል። ፓርላማው 650 አባላት አሉት። እያንዳንዱ በአማካይ ከ70 ሺህ በላይ መራጭ ይወክላል። ለመግባት ግን መራጭ መሆን የግድ አይደለም። አካባቢው ላይ መኖር ይበቃል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሐበሻ አለ። «ፓስፖርት ሳልይዝ ምን ብዬ ነው የምሄደው?» ይላል። ጎረቤቴም ያለችኝ ይህንኑ ነበር። ፖስታ ኮዷን ፓርላማው ድረ ገጽ ላይ አስገባሁና የተወካይዋን ስም አሳየኋት። ኢሜይል ጻፍን። ከነሙሉ አድራሻዋ ጻፍን፤ የራሳቸው አካባቢ ነዋሪ ካልሆነች አይቀበሏትማ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀጠሮ ተሰጠን። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2024 ጥቅምት ላይ ነው።

ጉዳዩ እዚህ አገር «የሁለት ልጅ ገደብ» ይባል የነበረው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 ወዲህ ለተወለደ ሦስተኛ ልጅ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ በልጅ ቁጥር የሚታሰበው ድጎማ አይከፈልም ነበር። ለሁለቱ ይከፈል ነበር። ሦስተኛው በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። በ2024 ሒሳቡ ለአንድ ልጅ በወር 288 ፓውንድ ገደማ ነበር። ሕጉ በሚነካቸው ቤተሰቦች ውስጥ የሚያድጉት ልጆች 1.6 ሚሊዮን ነበሩ። ወላጆቻቸው ሥራ ጠልተው ቤት የተቀመጡ እንዳይመስላችሁ። ከግማሽ በላይ በሆኑት ቤቶች ቢያንስ አንድ ሰው ይሠራ ነበር። ጎረቤቴ ሌሊት ስትሄድ የበሯ ድምፅ ይሰማኛል፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ነው።

የዋዜማው ምሽት ላይ አንድ ነገር ፈለግሁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 23፣ አዲሱ መንግሥት ከተመረጠ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ይህ ገደብ ይነሳ የሚል ማሻሻያ ፓርላማ ቀርቦ ነበር። በ363 ለ103 ድምፅ ወደቀ። ከገዥው ሌበር ፓርቲ ማሻሻያውን ደግፈው ድምፅ የሰጡ ሰባት አባላት ከፓርላማው የፓርቲ ቡድን ታገዱ። ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ በስም በስም ይጻፋል፤ ማንም ያነበዋል። የእኛ ተወካይ ስም ከ363ቱ ውስጥ አገኘሁት። ወረቀት ላይ ጻፍኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በሩ ተከፈተ። ጎረቤቴ ብድግ አለች፤ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ተወካይዋ እጃቸውን ዘረጉላትና ወንበር ስበው አስቀመጧት። ከጎናቸው ማስታወሻ የምትይዝ ወጣት ሠራተኛ አለች። ያለን ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው።

ጎረቤቴ በአማርኛ ተናገረች፣ እኔ አስተረጎምኩ። መጀመሪያ አመሰገነች። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ «እኔ ለምኜ አላውቅም» አለች። ይህን ስተረጉም ጉሮሮዬን አነቀኝ። ቀጥላ ስለ ትንሿ ልጇ ነገረቻቸው። ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የምትሄደው በእህቷ ጫማ ነው። ጫማው ስለሚሰፋት ጫፉ ላይ ጥጥ ይጎሰጎስበታል። ሲዘንብ ጥጡ ውሃ ይጠጣና ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እግሯ ረጥቦ ትውላለች። ወጣቷ ሠራተኛ መጻፍ አቆመች። ተወካይዋ ቀና አሉ።

ከዚያ ሳልጠብቀው የመጣ መልስ ሰማሁ። «የእርስዎ ድጎማ በትክክል ነው የተሰላው። ስህተት የለበትም። ሕጉ እንደዚያ ነው» አሉ። ለልጅቷ ጫማ የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንደሚጠቁሟት ነገሯት። ከልባቸው ነው፤ ሴትየዋ ክፉ አይደሉም።

ጎረቤቴ ፌስታሏን ልትሰበስብ ጀመረች። ማመስገን ጀመረች። እኔም ከእሷ ጋር ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ያደግነው እንደዚያ ነውና። ቀበሌ ገብተን፣ ደጅ ጠንተን፣ «አልሆነም» ስንባል «እሺ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለን ነው የምንወጣው። አቤቱታ እናውቃለን። ደብዳቤ ማጻፍ እናውቃለን። ሰው ፈልጎ ማማለድ እናውቃለን። ግን ሁልጊዜ የምንለምነው ሕጉ ለእኛ ለአንዳችን እንዲላላልን ነው። ሕጉን ራሱን ለውጡልን ብሎ መጠየቅ አልለመድንም።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ስህተት እንደሌለበት እናውቃለን። የመጣነው ስለ ሕጉ ነው» አልኩ። ወረቀቱን አወጣሁ። «በሐምሌ 23 እንዲቆይ ድምፅ ሰጥተዋል። እንደገና ቢቀርብ እንዲነሳ ድምፅ ይሰጣሉ ወይ? እስከዚያው ለሚኒስትሩ በስምዎ ይጽፋሉ ወይ?»

ዝም አሉ። ከዚያ ስለ በጀት ተናገሩ፣ ስለ ፓርቲ አቋም ተናገሩ። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን «እጽፋለሁ» አሉ። ወጣቷ ጻፈችው። በአምስት ሳምንት ውስጥ የደብዳቤው ግልባጭና የሚኒስትሩ መልስ ደረሰን። መልሱ ደረቅ ነበር። ቢሆንም የትንሿ ልጅ ጫማ፣ ስሟ ሳይጠቀስ፣ ደብዳቤው ውስጥ ነበር።

ከዚያ ቀን የተማርኩት ነገር አለ፤ ለሚሄድ ሰው ሁሉ እነግራለሁ። አንድ ታሪክ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ ይዘህ ግባ። ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስብል ይሁን። «ስለ ድህነት አንድ ነገር ያድርጉ» ካልካቸው «በጣም ያሳስበኛል» ብለው ይሸኙሃል።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጋቢት ላይ አምስት ሰው ሆነን ተመለስን። ያ ሁለተኛው ቀጠሮ ስለ አገር ቤትም ነበር። የካቲት ላይ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ከአገሪቱ ገቢ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እስከ 2027 ዝቅ እንደሚያደርግ አስታውቆ ነበር። ከ2021 በፊት 0.7 በመቶ ነበር። ገጠር ውስጥ ሰው ሁሉ «ሴፍቲኔት» የሚለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከደጋፊዎቹ አንዷ ብሪታንያ ነበረች። በክፉ ዓመት በሬውን ሳይሸጥ የከረመ ገበሬ ያ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። አንዱ ጓደኛችን የወሎ ልጅ ነው። አባቱ እርከን ሠርተው ስንዴ ይዘው የገቡበትን ቀን ነገራቸው። ተወካይዋ የሰሙት ከኢትዮጵያ ሪፖርት አይደለም፤ ከራሳቸው ሰፈር ከሚኖር አውቶቡስ ነጂ ነው። እኛ ሐዋላ እንልካለን። ላብ የፈሰሰበት ገንዘብ ነው፣ እሱን ማንም አይንቅም። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሚሊዮን ሰው የሚነካ ነገር እንደሚወሰን ሳስበው፣ ያን ያህል ዓመት ደጁን አለመርገጣችን ያንገበግበኛል።

ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። አክስቴ ቤት ነው ያረፍኩት። አክስቴ ጓሮ አንዲት ልብስ አጣቢ ሴት አለች፤ ከልጅ ልጇ ጋር ትኖራለች። ጉልበቷ ታሟል። ከተማ ውስጥ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሯል። ማልደው መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ብዙዎቹ የዚያ ተጠቃሚ ናቸው። ይህች ሴት ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልገባችም። ሁለት ጊዜ ተመዝግባ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስሟ ቀረ። ለምን እንደቀረ የነገራት የለም።

ግን ስሙኝ። የልብስ አጣቢዋ የልጅ ልጅ ጾሙን አያድርም። የግቢው ሴቶች ተራ አላቸው። ዛሬ አክስቴ፣ ነገ ማዶ ያሉት፣ ከነገ ወዲያ የእድሩ ዳኛ ሚስት። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልጻፈውም። እኔ ለንደን ከጎረቤቴ ጋር ግድግዳ እየተጋራን አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ ጥጡ የሰማሁት እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ ሳስተረጉም ነው። በጎረቤቴ ልጅ ችግር ላይ ከማላውቃት ተወካይ እኩል እንግዳ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያመኛል።

አክስቴን ጠየቅኳት። «ለማን ተናገራችሁ?»

«ለወረዳ።»

«ለፓርላማ ተወካያችሁስ?»

«ማን ናቸው እሳቸው ደግሞ?» አለች። ወረዳውን ታውቃለች። የወረዳው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ 23 መቀመጫ አላት፤ ከ23ቱ አንዱ የእሷ መሆኑን ግን ሰምታ አታውቅም። ያውም ሐምሌ ነው። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ እስከ መስከረም መጨረሻ አይሰበሰብም። አባላቱ ወደ መራጩ የሚወርዱበት ጊዜ ነው። የት እንደሚገኙ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። «መድረክ ሲኖር ትጠራላችሁ» ተባልኩ።

በእነዚያ መድረኮች ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ከመሰደዴ በፊት። አንድ ሰው ይነሳና «ውሃችን ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ» ይላል። «ውሃችን» ነው የሚለው፣ «ውሃዬ» አይልም። ለንደን ኮሪደር ላይ ሁሉም የየራሱን ፌስታል ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ የጎኑ ሰው ያንኑ ችግር ይዞ እንደመጣ እንኳ አያውቅም። እኛ በ«ችን» መጠየቅ ድሮም እናውቅበታለን። የጎደለን ደጁ ነው። ሳንጠራ በራሳችን ቀን የምናንኳኳው፣ የተናገርነውም ተጽፎ መልስ የሚመጣበት ደጅ።

ሕጉስ አለ። ማታ ሕገ መንግሥቱን ለአክስቴ አነበብኩላት። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ ይላል። ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው እንደሆነ ይላል። መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችልም ይላል። «ለሕሊናቸው» የሚለውን ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት። እኔ የታወሱኝ እነዚያ ከቡድናቸው የታገዱት ሰባቱ ናቸው። ሕሊናና ፓርቲ የሚጋጩት እዚህ ብቻ አይደለም። እዚያም ያስከፍላል። ልዩነቱ፣ እዚያ ማን ምን እንደመረጠ እኔ ቤቴ ሆኜ በስም አነበብኩ።

በማግስቱ አክስቴ ነገሩን እድሩ ላይ አነሳችው። እድሩ ከ200 በላይ አባወራ አለው። መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ። «ፖለቲካ አታስገቡብን» ያሉም ነበሩ። ፍርሃታቸውን አልፈርድበትም፤ ምክንያት አላቸው። የእድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ለሴፍቲኔት የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ማለት ምኑ ነው ፖለቲካ?» አሉ። ከዚያ አንድ ገጽ ተጻፈ። ሴትየዋ፣ ከእሷ ሌላ የቀሩ ስድስት ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ። ጥያቄው፣ ዝርዝሩ በይፋ ይለጠፍ፣ ስሙ የቀረም ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው የሚል ነው።

ኅዳር ላይ፣ እ.ኤ.አ. 2025 በጀት በቀረበበት ቀን፣ የሁለት ልጅ ገደቡ ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ እንደሚነሳ ተነገረ። በእኛ ምክንያት ነው አልልም። ስንት ሺህ ሰው ስንት ዓመት ጮኾበታል። ጎረቤቴ ዜናውን በስልኬ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ «ለሴትየዋ እንጻፍላቸው፤ ሲከፋን ብቻ ነው እንዴ የምንጽፈው?» አለች። ጻፍን።

በዚያው ሰሞን ጸሐፊው በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ። የእድሩ ደብዳቤ ነው። ታች ጥጉ ላይ የመዝገብ ቤት ማህተም አለ፤ ቀን አለ፤ ቁጥር አለ። ከሥሩ በእርሳስ «መልሱን ማክሰኞ እጠይቃለሁ» ብለው ጽፈዋል።