እዚህ በስልክ፣ እዚያ በአጥንት ቆጠራ

ውጭ አገር የሚኖር ሀበሻ የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ አፕ ሲከፍት ከስሙ፣ ከዕድሜውና ከፎቶው ጋር ብዙ ጊዜ ዘሩንም ይጠየቃል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ላቲኖ፣ እስያዊ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ሌላ። አገር ቤት ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጠቆር ያለ እየተባለ በደረጃ ሲጠራ የኖረ ሰው እዚህ ሁሉም በአንድ ሳጥን ይጠቃለልበታል። አንዳንዱ «ጥቁር» የሚለውን አልፎ «ሌላ»ን ይጫናል። ኩራትም አለበት፣ ስሌትም አለበት። ስሌቱ ግን አያዋጣም፦ «ጥቁር» ብሎ ለሚያጣራ ሰው ጭራሽ አይታይም፣ ጥቁር የማይፈልገው ደግሞ ፎቶውን እንዳየ ያልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከፍተኛ ገቢ ያላቸውን 25 አፖች መርምረው ነበር። 19ኙ የተጠቃሚውን ዘር ይጠይቁ ነበር፣ 11ዱ የሚፈልገውን ዘር ይመዘግቡ ነበር፣ 17ቱ ሌላውን ሰው በዘር ለማጣራት ይፈቅዱ ነበር። ሂንጅ በተባለው አፕ ላይ ለምሳሌ የሚፈለገው ዘር ከተመረጠ በኋላ «በዚህ አልደራደርም» የሚል ማብሪያ አለ። ጠፍቶ ከሆነ የተመረጡት ይቀድማሉ እንጂ ሌላውም ብቅ ይላል። ከበራ ግን ከዚያ ውጭ ያለ ሰው ለዚያ ተጠቃሚ አልተፈጠረም ማለት ነው።

ማጣሪያ ያልነካውም ቢሆን ነፃ አይደለም። አፑ እነማንን እንደወደደና እነማንን እንዳለፈ ይቆጥራል፣ ከዚያም የእሱን የመሰለ ምርጫ ያላቸው ሰዎች የወደዷቸውን ያመጣለታል። ብዙ ሰው ጥቁር ሴቶችን ካለፈ፣ ምንም ካላለው አዲስ ገቢ ፊትም እየራቁ ይሄዳሉ። ኮፊ ሚትስ ቤግል የተባለው አፕ እ.ኤ.አ. በ2016 የተወቀሰው በዚሁ ነው፦ «ዘር አልመርጥም» ብለው የሞሉ ሰዎች የራሳቸውን ዘር ብቻ እየደጋገመ ሲያቀርብላቸው አዩ። የኩባንያው መልስ «ሰው አልመርጥም ቢልም መረጃችን የሚያሳየው እንደሚመርጥ ነው» የሚል ነበር። ኦኬኩፒድ የተባለው የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የራሱ መረጃም ከዚህ አይርቅም፤ አብዛኞቹ ወንዶች ለጥቁር ሴቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች ደግሞ ለእስያና ለጥቁር ወንዶች ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጡ ነበር።

ከዚህ ሁሉ አልፎ መልእክት የደረሳት ሀበሻ ምን ይጻፍላታል? «ለጥቁር ቆንጆ ነሽ።» ወይም «አንቺ እንደ ሌሎቹ ጥቁሮች አይደለሽም፣ አፍንጫሽ ይለያል።» የመጀመሪያው ያናድዳል። ሁለተኛውን ግን ከእኛ ስንቱ በፈገግታ እንደሚቀበለው መናገር ደስ አይልም። ሙገሳው የተሠራው የሌላዋን ጥቁር ሴት ዋጋ በመቀነስ ነው፤ ጸሐፊውም ያን ሂሳብ ለሚቀጥለዋ ይዞት ይሄዳል።

በገንዘብ በሚገዛው ጓደኝነት፣ በወሲብ ንግዱ ላይ ነገሩ ራቁቱን ይወጣል። በአሜሪካ ማስታወቂያዎች ላይ ሴቶች በዘር ተመድበው ይቀርባሉ፣ «ጥቁር አሜሪካዊ ደንበኛ አልቀበልም» የሚል መስመርም ይገጥማል። ምግብ ቤት ወይም ሆቴል ይህን ቢለጥፍ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይይዘዋል። እዚህ ግን ንግዱ ራሱ ከኔቫዳ ግዛት ጥቂት ካውንቲዎች በስተቀር ሕገወጥ ስለሆነ ከሳሽም የለም፣ ዳኛም የለም።

አገር ቤትስ? «እኛ ዘረኝነት አናውቅም» የሚለው ሰው አንድ የትዳር ፈላጊ ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ያንብብ፦ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የቆዳ ቀለም ጠይም፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ሥራ፤ ከታች «የምፈልገው» ተብሎ ያው ዝርዝር ይደገማል፣ አንዳንዴም «ዲያስፖራ ቢሆን ይመረጣል» ይጨመርበታል። የቆዳው ቀለም ከሥራው በላይ ተጽፏል።

ቴሌግራሙ ሳይመጣም ማጣሪያው ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከጎን ዘመድ የሚከለክለው እህት ወንድምን፣ አክስትንና አጎትን ነው፤ ልማዱ ግን ሰባት ቤት ያስቆጥራል። ቆጠራው ለዝምድና ነው ይባላል፣ እውነትም ነው። ሽማግሌው ሰባት ቤት ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሌላም ያገኛል፦ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ፣ ቡዳ የሚባል ቤት፣ አያቱ በባርነት የተሸጠ ሰው። ያኔ «አይዛመዱም» የሚለው መልካም ዜና ይቀርና «አጥንቱ አይሆንም» ይመጣል። ምክንያቱ ለልጅቷ ላይነገራትም ይችላል፤ ሽማግሌ መላኩ ዝም ብሎ ይቀራል።

እዚህ ያለው ሀበሻ ሁለቱንም ተሸክሟል። በነጩ ማጣሪያ ሲቀር ያዝናል፣ በራሱ ገጽ ላይ «ሀበሻ ብቻ» ብሎ ይጽፋል፣ ሀበሻዋ ስትገኝ ደግሞ የየት አገር ሰው እንደሆነች ይጠይቃል። ጆርጅ ፍሎይድ በተገደለ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ግራይንደር የተባለው አፕ የዘር ማጣሪያውን እንደሚያነሳ ሲያስታውቅ ሌሎቹ አፖች የራሳቸውን ሳያነሱ ያቆዩት «አናሳ የሆኑ ሰዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ነው» በሚል ነው። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ ቋንቋውንና ጾሙን የሚያውቅለት ሰው ለሚፈልግ ሀበሻ በሺሕ ከሚቆጠር ገጽ መሃል ሌላ መንገድ የለውም። ያው ቁልፍ ግን ሌላው እሱን የሚዘጋበት ነው።

ሳጥኑን ማንሳትም ብቻውን ብዙ አይሠራም። የብሔር መስመሯን ያስቀሩ የትዳር ማስታወቂያዎች አሉ፤ ጥያቄው ወደ ኢንቦክስ ዞሯል። መጀመሪያ «ሰላም ነው?»፣ ቀጥሎ «የት ተወለድሽ?»፣ ሦስተኛው ላይ «የአባትሽ ስም ማን ነው? የአያትሽስ?»