«ኔጌቲቭ ናት፣ እልል በሉ!»

አክስቴ የጡት ካንሰር ኦፕሬሽን ተደርጋ የፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣላት ሥጋ በማይክሮስኮፕ የተመረመረበት ውጤት ሲወጣ ወረቀቱን የተቀበለው የአጎቴ ልጅ ነበር። እንግሊዝኛውን ሲያገላብጥ ዓይኑ «ኔጌቲቭ» የሚል ቃል ላይ አረፈ። «ኔጌቲቭ ናት፣ እልል በሉ!» አይፈረድበትም። ኤችአይቪ ያስተማረን ትውልድ ነን፤ ኔጌቲቭ ማለት ለእኛ ነፃ ማለት ነው።

ማታ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቃሉ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ከብብቷ የወጡትን ንፍፊቶች የሚመለከት ነው፤ ካንሰር አልተገኘባቸውም ማለት ነው፣ ተመስገን። ሌላው ግን ከኢስትሮጅን ሪሴፕተር ጎን ነው። ይሄኛው ካንሰሩ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን የሚቀበልበት በር የለውም፣ ስለዚህ እንደ ታሞክሲፈን ያሉ የሆርሞን መድኃኒቶች አይሠሩበትም ማለት ነው። አንድ ቃል፣ አንዱ ጋ የምሥራች፣ ሌላው ጋ አይደለም። ደግሞ «ግሬድ 3» የሚለውን አይተው «ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል» ብለው ያለቀሱ አሉ። ግሬድ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ ነው የሚናገረው። ምን ያህል እንደተሰራጨ የሚናገረው ስቴጅ ነው። እኛ ሁለቱንም «ደረጃ» እንላቸዋለን፣ እዳው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ያገኘሁት ጎግል ላይ የበሽታውን ስም ጽፌ አይደለም፤ እንደዚያ ያደረገ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ነፃ የቃላት መፍቻ አለው፣ ከ9,000 በላይ ቃላት፣ ቀለል ባለ አነጋገር። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። ሜድላይን ፕላስ የሚባለው ድረ ገጽ በአማርኛ የተጻፉ የጤና መረጃዎችን ሰብስቧል፣ ግን የፓቶሎጂ ወረቀት ቃል በቃል የሚፈታ ነገር አላገኘሁም።

የአማርኛው መፍቻ ቢሠራ ደግሞ መተርጎም ብቻ አይበቃም። ነቀርሳ ካንሰር ነው እንላለን፣ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ግን ቲቢ ነው። ዕጢም እንደዚያው፤ ሁላችንም አንገት ውስጥ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ነው፣ መውጣት ያለበት እብጠትም ዕጢ ነው። ሐኪሞቹና ቋንቋውን የሚያውቁት አንድ ጠረጴዛ ከበው ይህን ካልለዩልን አንድ ሺህ ቃል ቢተረጎም ትርፉ ግርግር ነው። እስከዚያው ሐኪሙ ከውጤቱ ግርጌ ሁለት መስመር አማርኛ ቢጽፍስ? ምን ይጎዳዋል?

በማግስቱ ለአክስቴ ወረቀቱን እያሳየሁ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ታዲያ ትናንት እልል የተባለው ለየትኛው ነው?»

«ለብብትሽ» አልኳት።