ከውይይት እስከ ራይድ

የአዲስ አበባን ታሪክ ሊጽፍ ያሰበ ሰው ቤተ መዛግብት ገብቶ አቧራ ከሚቅም ታክሲ ቢሳፈር ይሻለዋል። እኛ ለመኪና ስም ስናወጣ ሳናውቀው ዘመኑን አብረን እንጽፋለን።

በሰይቼንቶ፣ በትንሿ የፊያት ታክሲ፣ እንጀምር። ጣሊያንኛ ነው፤ ስድስት መቶ ማለት ነው። ጣሊያንን አባረርነው እንጂ ማርሹን፣ ፍሬኑንና ጎሚስታውን አላባረርናቸውም።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ውይይት ነበር። ተሳፋሪው ከኋላ ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥበት ታክሲ። ያኔ ቀበሌውም መሥሪያ ቤቱም የውይይት ክበብ ነበረው፤ መቅረት ደግሞ ያስጠረጥራል። ሕዝቡ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ሲቀመጥ ጊዜ፣ «ይሄስ ያው ውይይት አይደል?» ብሎ ሰየመው። ስሙ ነው እንጂ፣ በ1970 ከማያውቁት ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ተያይቶ ማን ደፍሮ ይወያያል? ሁሉም የገዛ ጫማውን እያየ ይመስለኛል የሚሄደው።

ሚኒባስ መጣና ሁላችንንም ወደፊት አዞረን። ከዚያ ወዲህ የምናየው የሰው ማጅራት ነው። ምላሳችንም የተፈታው ያኔ ይመስለኛል፤ መንግሥትን ለማማት ማጅራት ከፊት ይመቻል። ደግሞ በ«ጠጋ ጠጋ በሉ» ሦስተኛ ወንበር ላይ አራት ሆኖ ያልተጣበቀ፣ አብሮ መኖርን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ቅጥቅጥንም አልረሳሁም። አካሉ እዚሁ ተቀጥቅጦ ስለተሠራ ነው ቅጥቅጥ የተባለው ይላሉ። የተሳፈረበት ሰው ግን ስሙ ለማን እንደወጣ ወገቡን ይጠይቅ።

ባጃጅ የህንድ ኩባንያ ስም ነው። እኛ ዘንድ ተሽከርካሪውም፣ ሹፌሩም ባጃጅ ነው። «ባጃጅ!» ሲባል ሁለቱም ይዞራሉ።

ራይድ ግን ከሁሉም ባሰ። አፑ ሌላ፣ ድርጅቱ ሌላ ሆኖ እንኳ የምንጠራው «ራይድ» ነው። ሹፌሩ ስልኩን ያያል፣ ተሳፋሪው ስልኩን ያያል። «ወራጅ አለ!» ብሎ የሚጮህ የለም። ጭራሽ ደግሞ መኪና መሆኑ ቀርቶ የሥራ መደብ ሆኗል። ይህን የተረዳሁት ለዘመዴ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩ ዕለት ነው።

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?» አሉ የልጅቷ አባት።

«በኢንጂነሪንግ ተመርቆ… ራይድ ይሠራል» አሉ የእኛ አፈ ጉባኤ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«መኪናው የራሱ ነው?»

«የእሱና የባንኩ ነው፣ ጋሼ።»

አባትየው ዝም አሉ። ፊታቸው አላማረኝም። ቀጠሉና፣ «ቤንዚን ነው ኤሌክትሪክ?» አሉ።

«ኤሌክትሪክ ናት!»

ሰውየው ፈገግ አሉ። በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በየሰፈሩ ፈልቷል። አባትየው የገባቸው ግን ሌላ ነው። «እንግዲያው ማደያ ሰልፍ ላይ አያድርም። ማታ ማታ ቤቱ ይገኛል ማለት ነው» አሉ። የእኛ አፈ ጉባኤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ነገሩ ያለቀ መስሎን ቡናው ወደሚፈላበት ዞር ዞር ማለት ጀምረን ነበር።

ጥግ ላይ የተቀመጡት አክስት አልተዉንም። «ቤቱ የት ነው?»

«ኮንዶሚኒየም ነው፣ እማማ። አራተኛ ፎቅ።»

«ታዲያ የት ነው ቻርጅ የሚያደርጋት? ገመዱን በመስኮት ሊያወርድ ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያየን። ስለ ዘሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ጠባዩ ተሰናድተን ነበር የሄድነው። ስለ ሶኬት ያሰበ አልነበረም። አባትየው እህታቸውን አንዴ፣ እኛን አንዴ አዩና፣ እንደ ደንቡ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አሉን።

«ስትመጡ» አሉ አክስት በር ድረስ ሸኝተውን፣ «የቆጣሪውን ነገር አጣርታችሁ ኑ።»