ሳይሸነፉ የጨረሱት በማን ገንዘብ ነው?

አርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ሊግ የወሰደበት ዓመት አለና፣ ከደጋፊው ጋር የተከራከረ ሰው «ከእኛ ሌላ ሳይሸነፍ የሊግ ዋንጫ የበላ ማን አለ?» የምትለዋን ጥያቄ ሳይሰማ አይለያይም። አለ። ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ፣ በ1888/89፣ ያውም በእንግሊዝ ሊግ የመጀመሪያ ዓመት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ22 ጨዋታ 18 አሸነፈ፣ 4 አቻ ወጣ፣ 74 ጎል አግብቶ 15 ገባበት። በዚያው ዓመት የኤፍኤ ካፕን አንድም ጎል ሳይገባበት ወሰደ፤ በፍጻሜው ዎልቭስን 3 ለ 0 ረታ።

እኔ ግን ፕሬስተንን የማነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሀብታም ክለብ ተጫዋች ባግበሰበሰ ቁጥር «ድሮ ኳስ ለፍቅር ነበር» የሚል ለቅሶ እሰማለሁ። የትኛው ድሮ?

ሊጉ ራሱ የተወለደው ከደመወዝ ጭንቀት ነው። ክለቦቹ ለተጫዋቾቻቸው በየሳምንቱ ይከፍላሉ፤ የወዳጅነት ጨዋታው ግን ቅዳሜ ሲደርስ ይሰረዛል፣ ከካፑም በጊዜ የወጣ ቡድን ገቢ የለውም። በርሚንግሃም ውስጥ ጨርቅ ይነግድ የነበረው ስኮትላንዳዊ የአስቶን ቪላ ሰው ዊልያም ማክግሪጎር፣ ቁርጥ ያለ የጨዋታ መርሐ ግብር ይኑረን ብሎ በመጋቢት 1888 ለክለቦች ደብዳቤ ጻፈ። 12 ክለቦች ተሰበሰቡ፤ ሁሉም ከሰሜንና ከመካከለኛው እንግሊዝ፣ ከለንደን አንድም የለ። ውድድሩ መስከረም 8 ተጀመረ፤ ነጥብ እንዴት እንደሚሰጥ የተወሰነው ግን ኅዳር ላይ ነው! ለድል 2፣ ለአቻ 1 ተባለ።

የፕሬስተን መሪ ዊልያም ሱዴል የጥጥ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። የቡድኑን አከርካሪ ከስኮትላንድ ነው ያመጣው። በ1884፣ ለተጫዋች መክፈል ገና ክልክል ሳለ፣ የለንደኑ አፕተን ፓርክ ክለብ «ለተጫዋቾች ይከፍላሉ» ብሎ ሲከሰው፣ ሱዴል ሽምጥጥ አድርጎ መካድ ይችል ነበር፤ ሌሎቹም በድብቅ ይከፍሉ ነበርና። እሱ ግን አመነ። ፕሬስተን ከካፑ ተባረረ። የሰሜን ክለቦች የራሳችንን ማኅበር እናቋቁማለን ብለው ሲያስፈራሩ፣ ፌዴሬሽኑ በሐምሌ 1885 ክፍያን ፈቀደ።

ለእኔ ከዋንጫዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ሱዴል መክፈሉን ማመኑ ነው። «ክፍያ ነውር ነው» ይሉ የነበሩት በአብዛኛው ቅዳሜን ለኳስ መስጠት ከኪሳቸው የማያጎድልባቸው ጌቶች ነበሩ። የፋብሪካ ሠራተኛ ልምምድ ለመሥራት ወይም ሩቅ ከተማ ሄዶ ለመጫወት ሥራ ሲቀር፣ የዕለት ገቢው ይቀርበታል። ፍቅር ጥሩ ነው፣ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም።

ታዲያ ሱዴል ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም። በ1895 የፋብሪካውን ገንዘብ በማጭበርበር ተፈርዶበት 3 ዓመት እስራት ተበየነበት፤ ከገንዘቡ ለክለቡ የዋለ ነበረበት። በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በ1911 ኬፕ ታውን ውስጥ ሞተ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፣ ገንዘቡም የሌላ ሰው ነበር።

ዛሬ ቢሆን ክለቡ ምናልባት ነጥብ ይቀነስበት ነበር። አስልቼዋለሁ፦ ፕሬስተን 40፣ ሁለተኛው አስቶን ቪላ 29። 10 ነጥብ ቢቀነስበትም ሻምፒዮኑ ያው ፕሬስተን ነው።